የላይኛው መደርደሪያ አይሸጥም

እትዬ ማንጠግቦሽ ማረፋቸውን ያነበብኩት ከአንድ ጥንድ ነጭ ስኒከርና ከአንድ የጁስ መፍጫ መካከል ነው። የእህታቸው ልጅ ሀብታሙ የቴሌግራም መሸጫ ቻናል አለው። ጠዋት ስኒከሩን ለጠፈ፤ ቀጥሎ የአክስቱን ፎቶግራፍ በጥቁር ክፈፍ፤ ከዚያ የጁስ መፍጫውን። ከፎቶግራፋቸው ሥር የመጀመሪያው አስተያየት «ነፍስ ይማር» ይላል። ሁለተኛው «ነፍስ ይማር፤ መፍጫው ዋስትና አለው?» ይላል። ሀብታሙ ለሁለቱም መልስ ሰጥቷል።

የሞት ዜና ሲደርሰኝ መጀመሪያ የማደርገው ማረጋገጥ ነው፤ የሥራ ልማድ ነው። ላሊበላ ለሥራ እመላለሳለሁ፤ ያን ሰሞን የገባሁት ስለ ሆቴሎች ለመዘገብ ነበር። በዋዜማው ምሳ የበላሁበት ሎጅ ማናጀር ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነጭ የእጅ ሥራ ጨርቅ አሳይቶኝ ነበር። ከሥሩ ካርድ አለ፤ «የንግሥት ወለተ ሐና መጎናጸፊያ» የሚል። እንዲህ የምትባል የላስታ ንግሥት ስለማላውቅ ሳላጣራ እንደማልጽፍ ነግሬው ወጣሁ። በማግሥቱ ጠዋት የማጣራው ሌላ ነገር መጣ። ወደ ቅዳሜ ገበያ በሚወስደው ቁልቁለት ወረድኩ። ዜናው እውነት ነበር። ሰማያዊዋ የሱቃቸው በር ተዘግታለች፤ ከፊት ለፊቷ የዕድሩ ሰዎች ድንኳን ይተክላሉ፤ ከጓሮ ካለው ቤት የሴቶች ለቅሶ ይሰማል። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው ተባልኩ።

ድንኳኑ ሥር ተቀምጬ የሚባለውን አዳመጥኩ።

«የከተማው እናት ነበሩ» አለ አንዱ።

«ደንበኛ አክባሪ! ክፉ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም» አለ ሌላው።

ይህን ሁለተኛውን ሰው እትዬ ማንጠግቦሽ በሰው ፊት «አህያህ ካንተ ይሻላል፤ እሱ ቢያንስ የተጫነውን ያውቃል» ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቃቸውን ረግጦ አያውቅም። ለለቅሶው የለበሰው ጃኬት በስልክ ታዝዞ የመጣ ነው፤ እጅጌው ስለረዘመበት ወደ ውስጥ አጥፎታል። ሲያለቅስ ይፈታበታል፤ መልሶ ያጥፋል፤ ከዚያ ለቅሶውን ይቀጥላል።

ሬሳ ሳይወጣ ውሸት ከተጀመረ አንድ ሰው እውነቱን ቢጽፈው ይሻላል።

እትዬ ማንጠግቦሽ ደንበኛ አክባሪ አልነበሩም። ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። አቡጀዲ፣ ነጠላ፣ ጋቢ፣ የካህናት ጥምጣም፣ የክርስትና ልብስ፣ የሐዘን ጥቁር፣ የሬሳ መገነዣ ይሸጣሉ። ቀጭንና ረጅም ሴት ነበሩ፤ ሰው ሲያዩ አንድ ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጋሉ፣ የጨርቅን ክር ወደ ብርሃን አድርጎ እንደሚመረምር ሰው። የሱቃቸው ሥርዓት አንድ ነበር። ደንበኛ ሲገባ ሰላምታ ይሰጣሉ፤ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቃሉ። ደንበኛው እጁን ወደ ጨርቁ ሲዘረጋ የመለኪያ እንጨታቸውን ባንኮኒው ላይ እንደ መቀርቀሪያ ያጋድሙና «ለማን ነው?» ይላሉ። መልስ ሳያገኙ እንጨቱ አይነሳም።

አንድ ቅዳሜ ከብልባላ የመጣች ሴት ነጠላ ጠየቀቻቸው።

«ለማን ነው?»

«ለአማቴ።»

«ያቺ ሳሳ ያለችው ናት እንዴ ዓይንሽ የገባችው?»

«እሷ ትበቃለች እትዬ።»

«ለእናትሽ ቢሆንስ?»

ሱቁ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ሳቅን፤ እኔም ጭምር። እትዬ ማንጠግቦሽ ወፈር ያለችውን አውርደው ዘረጉላትና «ብልባላ ብርድ ነው። አማትሽንም ይበርዳታል» አሏት። ሴትዮዋ ገዛች። ስትወጣ በሩ ላይ ያለችውን ቃል ግን እዚህ አልጽፈውም። ዳግም ስትመጣ አላየኋትም።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሆነ ሌላ ሰው ደግሞ ደማቅ የቀሚስ ጨርቅ መርጦ ነበር።

«ለማን ነው?»

«ለባለቤቴ ነዋ!»

«ባለቤትህ ትናንት እዚሁ ነበረች። ደማቅ አትወድም። ለማን ነው?»

ሰውየው ያልጮኸ ስልክ አንሥቶ «ሃሎ፣ ሃሎ» እያለ ወጣ። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ወሬውን እሱ ዳገቱን ሳይጨርስ ገበያ አድርሰውታል።

ካህናትም አይቀርላቸውም ነበር። «ይቅርታ ያድርጉልኝ አባ፤ ለማን ነው?» ይላሉ ቀና ብለው፣ በትሕትና። ካህኑ «ለራሴ ነው፣ ልጄ» ካሉ «እንግዲያው ይቺ አትበቃዎትም» ብለው ከእግዚአብሔር ሰው ራስ ጋር የጥምጣሙን ርዝመት ያስተያያሉ። አንዳንዱ ካህን ይሥቃል፤ አንዳንዱ ይቀየማል።

ስለዚህ ስለ እሳቸው ሱቅ የሚነገረውን ሁሉ በጥንቃቄ መውሰድ ያስፈልጋል። ከደንበኞቻቸው ብዙዎቹ የሄዱት ስልክ ከመምጣቱ በፊት ነው። ሰው የገንዘቡን ዕቃ ለመግዛት የቤቱን ገመና መዘርገፍ አይወድም፤ ይህን አለመውደዱም ኃጢአት አይደለም። እትዬ ማንጠግቦሽ ግን ይህን ለመረዳት አንድም ቀን አልሞከሩም።

ስለ ከተማው ሱቆች መዘጋት ዘገባ የሠራሁ ጊዜ እሳቸውንም አነጋግሬያቸው ነበር። ፎቶግራፍ እንዳነሣ ጠየቅኳቸው።

«እኔን ነው ጨርቁን?»

«ሁለታችሁንም።»

«እኔን አንሣ። ጨርቁን ተው። ጨርቅ በዓይን አይታወቅም፤ እጅህን ወዲህ በል።» እጄን ይዘው በአንድ ጋቢ ላይ አስዳበሱኝ፤ ከዚያ በሌላ። «ልዩነቱን አገኘኸው?»

አላገኘሁትም፤ እንዳላገኘሁትም ነገርኳቸው።

«እኔም አላገኘሁትም፤ ከአንድ ጣቃ የተቆረጡ ናቸው» አሉና አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ይሁን፣ ቢያንስ አትዋሽም።»

«ለምንድን ነው ለማን እንደሆነ የሚጠይቁት?»

«ካላወቅሁ ምን ልሰጥ?»

«ሰው የወደደውን ይመርጣላ።»

«የት አባቱ ያውቃል! የዚህ አገር ሰው ጎረቤቱ የገዛውን ነው የሚገዛ። አንዷ አረንጓዴ ጥለት ከለበሰች ሰፈሩ ሁሉ እንደ ጎመን ማሳ ይሆናል። ፊቷ ጠይም ይሁን ቀይ ማንም አያይላት። እኔ አይላታለሁ። ለዚህ ይጠሉኛል፤ ይጥሉኝ።»

ከበስተጀርባቸው፣ ከመደርደሪያው ሁሉ በላይ፣ በላስቲክ የተጠቀለለች የታጠፈች ነጭ ጨርቅ ነበረች። ጠየቅኳቸው።

«እሷ አትሸጥም። የላይኛው መደርደሪያ አይሸጥም።»

«ለማን ናት?» አልኩ፣ እንደ እሳቸው።

ሳቁ። ሲሥቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ለኔ» አሉ።

ክሩን የፈተሉት እናታቸው ነበሩ። ሸማኔው አሁን በሕይወት የለም። እትዬ ማንጠግቦሽ ጨርቋን በንግሥ ቀን በእግራቸው ይምርሐነ ክርስቶስ ድረስ ተሸክመው ወስደው፣ ዋሻው ውስጥ ካለው ደጀ ሰላም አሳድረው፣ ጸበል አስነክተው መልሰዋታል። እንዲህ ያለ ዝግጅት በአካባቢው አረጋውያን ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳ የሆነብኝ የሰጡት ምክንያት ነው።

«ስንቱን ጠቅልዬ ሸኝቻለሁ። የኔን ሌላ ሰው እንዲመርጥልኝ አልሻም። ምርጫቸውን አውቀዋለኋ! ድንኳን ይትከሉ አይትከሉ፣ ያልቅሱ አያልቅሱ፣ ግዴለኝም። በዚች ብቻ ይጠቅልሉኝ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ አንተም እወቅ።»

አወቅሁ።

ሀብታሙን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። እናቱ በልጅነቱ ስለሞተች በዚያው ሱቅ ውስጥ፣ በጨርቅ ጣቃዎች መካከል አደገ። በማርኬቲንግ ተመርቆ ሲመለስ መጀመሪያ ያደረገው የአክስቱን ሱቅ ኦንላይን ለማውጣት መሞከር ነበር። ክርክራቸውን አስታውሳለሁ።

«እትዬ፣ ፎቶ አንሥቼ ልልቀቀው። ከአዲስ አበባ ሁሉ ይገዙልሻል።»

«ከአዲስ አበባ የሚገዛውን ሰው አየዋለሁ?»

«ምን ያደርግልሻል ማየቱ? ብሩ ይገባል።»

«ቁመቱን በምን አውቃለሁ?»

«ራሱ ይጽፋል።»

«ሰው ቁመቱን እውነት ሲናገር ሰምተህ ታውቃለህ?»

አልተስማሙም። ሀብታሙ የራሱን ቻናል ከፈተ። ሱቅ የለውም፣ መጋዘን የለውም፣ ዕቃ የለውም። ከሌላ ቻናል ፎቶግራፍ ይወስዳል፤ ትእዛዝ ይቀበላል፤ ከወልድያ በሚመጣ መኪና ያስመጣል። ማስታወቂያው ላይ የጻፈው መስመር ግን የራሱ ፈጠራ ነበር፦ «ይዘዙ፣ ይረከቡ። ለማን ነው የሚል የለም!»

ከተማው በሳቅ ፈረሰ። ከእትዬ ማንጠግቦሽ ሱቅ ተሳቅቆ የወጣ ሁሉ ተበቀለ። መስመሩን ያነበበችላቸው ጎረቤት ናት፤ ደስ እያላት። እሳቸው የሚያጥፉትን ነጠላ አጥፈው ጨረሱና «እውነቱን ነው። ለማን እንደሆነ አይጠይቅም፤ ምን እንደሆነም አያውቅ» አሉ። ያን ቀን ግን ሱቁን ቀደም ብለው ዘጉ።

የመጣውን ዕቃ ተከታትያለሁ። የመጀመሪያ እጥበት ላይ ሰማያዊ የሆነ ነጠላ አይቻለሁ። ሁለቱም የግራ እግር የሆነ ጫማ አይቻለሁ፤ ገዢው ለወንድሙ ሰጠው፣ ወንድሙም አደረገው። ሁሉንም የሚያስንቀው ግን የመምህሩ ጋቢ ነው። መምህሩ በፎቶግራፍ አይቶ ጋቢ አዘዘ፤ የመጣው ከፎጣ የማይበልጥ ቁራጭ ነበር። ተታለልኩ ከማለት አንገቱ ላይ ጠምጥሞ «አሁን ፋሽኑ እንዲህ ነው» አለ። በወሩ ቁራጩ በሌሎችም አንገት ላይ ታየ። ትናንት የእትዬ ማንጠግቦሽ ጥለት አንድ ክር ስለተመዘዘ ቀበሌ ድረስ አቤት ያለ ሕዝብ፣ ፎጣ አንገቱ ላይ አሥሮ በየመንገዱ እየተንጎራደደ አመሰገነ።

ከዚያ ኔትወርክ ጠፋ። በክልሉ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል፤ አልደግመውም። ለወራት ቴሌግራም የለም፣ ትእዛዝ የለም፣ ሀብታሙ ሥራ ፈትቶ ግድግዳ ተደግፎ ይውላል። ሰው ደግሞ ይወለዳል፣ ክርስትና ይነሣል፣ ይሞታል። ስለዚህ ወደ ሰማያዊዋ በር ተመለሱ። የብልባላዋን ሴት አላየሁም እንጂ ያ «ሃሎ፣ ሃሎ» ያለው ሠራተኛ መጥቷል።

«ስልክህ ታመመች?» አሉት።

«ኔትወርኩ ነው እትዬ።»

«ለማን ነው?»

«ለባለቤቴ። ደማቅ ያልሆነ።»

ጨርቁን አወረዱለት። ከዚህ በላይ አልቀጡትም። ለሁሉም እንደዚያው ነበሩ፤ ጠይቀው፣ ለክተው፣ ቆርጠው ሰጡ። በእነዚያ ወራት ሱቁ ሞልቶ ስለነበር ወንበር ወደ ውጭ አወጡ። ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር እየተለወጠ እንደነበር አይቻለሁ። ደስታ ነው ለማለት ግን ማረጋገጫ የለኝም።

ኔትወርኩ የተመለሰ ቀን እዚያው ሱቅ ውስጥ ነበርኩ። አንዲት ሴት ለልጇ ክርስትና ነጭ ጨርቅ አስወርዳ፣ ለማን እንደሆነ ተናግራ፣ እትዬ ማንጠግቦሽ በእንጨቱ ለክተው መቀሱን ሊያስገቡ ነው። የአንዱ ስልክ ጮኸ። ቀጥሎ የሌላው። ከዚያ የሱቁ ስልክ ሁሉ በአንድ ላይ፣ የወራት መልእክት ተጠራቅሞ ይንጫጫ ጀመር። ሁሉም አቀረቀሩ። ሴትዮዋም አቀረቀረች፤ በጣቷ ወደ ላይ ትገፋለች፤ ፊቷ ይበራል። «አንድ ጊዜ ልይና እመለሳለሁ እትዬ» ብላ ወጣች። ሌሎቹም ተከተሉ። አንዳቸውም ሲወጡ አላዩዋቸውም።

እትዬ ማንጠግቦሽ መቀሱን አስቀመጡ። የተለካውን ጨርቅ መልሰው ጠቀለሉ። «አየህ አንተ ጋዜጠኛ» አሉኝ፣ «ኔትወርክ ባይጠፋ አልመጣችም ነበር። ቢጠፋም የመጣችው ወደኔ አይደለም።»

ከዚያ በኋላ ታመሙ። ከአልጋ መነሣት ሲያቅታቸው የሱቁን ቁልፍ ለሀብታሙ ሰጡት፤ ያለውን ዕቃ ሸጦ እንዲያስታምማቸው። አስታመማቸው፤ ይህን እመሰክራለሁ። ዕቃውንም ሸጠ።

ወደ ቀብሩ ቀን ልመለስ። ረፋዱ ላይ ሬሳውን ካጠቡት ሴቶች አንዷ ከጓሮ ወጥታ ተጣራች።

«ሀብቴ! መገነዣዋን አምጣ። ላይኛው መደርደሪያ ናት፤ በላስቲክ ያለችው።»

ሀብታሙ አልተነሣም።

«ኧረ ተነሥ፣ ልጄ! ሰዓቱ እኮ ሄደ።»

ተነሥቶ ሰማያዊዋን በር ከፈተ። ተከትዬው ገባሁ። መደርደሪያዎቹ ባዶ ነበሩ። ከላይኛው ላይ የካርቶን ሳጥኖች ተደርድረዋል፤ የጁስ መፍጫዎች። ሴትዮዋ ከኋላችን መጥታ አየች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«የት አደረስካት?»

«ሁሉንም ሽጥ ብላኛለች።»

«የላይኛውንም?»

«ላይኛውን ተው አላለችኝም» አለ። ድምፁ ወርዷል። «የማውቅ መስሏት ይሆናል።»

«አታውቅም ነበር? አንተ እዚህ ውስጥ ያደግኸው?»

ወሬው ድንኳኑ ውስጥ ደረሰ። ባለ ጃኬቱ ሰው እጅጌውን እያጠፈ መጣና «ሌላ በስልክ ብናዝስ? ከወልድያ እስከ ማታ ይገባል» አለ። የሟቿ የንስሐ አባት አባ ፍሥሐ በትራቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር።

«ለማን ሸጥከው ልጄ?» አሉት።

«አላውቅም አባ። አዲስ አበባ ነው የላክሁት፤ በአውሮፕላን። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም።»

«ምን ይመስል እንደነበረ የሚያሳይ ነገር አለህ?»

ሀብታሙ ስልኩን አውጥቶ የድሮ መልእክት ፈለገ። ፎቶግራፉ ላይ ጨርቋ ተዘርግታለች፤ ጥጓ ላይ በቀይ ክር የተጠለፉ ፊደላት አሉ። ከሥሩ «የነገሥታት ዘመን ጥንታዊ ጨርቅ። የንግሥት ስም ያለበት። አንድ ብቻ!» ተብሎ ተጽፏል። ከዚያ ሥር «ተሽጧል» ይላል። አባ ፍሥሐ መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

«ወለተ ሐና» ብለው አነበቡ። ቀና አሉ። «የቷ ንግሥት ናት እቺ?»

«አላውቅም አባ። ስሟ የሴት ስለሆነ...»

«የአክስትህ የክርስትና ስም ነው፤ ልጄ። ዛሬ በዚሁ ስም ነው የምፈታት።»

ሀብታሙ ያሳደገችውን ሴት የክርስትና ስም አያውቅም ነበር። ተመርቋል፤ ቻናል ያስተዳድራል፤ ይህን አያውቅም። ፊቱን አየሁት፤ ልጽፈው አልፈልግም። የት እንዳለች የማውቀው እኔ ነበርኩ።

«ከዚህ ሩቅ አይደለችም» አልኩት። «ተነሥ፣ እንሂድ።»

በኋላ እንዳጣራሁት፣ ጨርቋ ከዚህች በር ተነሥታ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ሄዳለች፤ እዚያ አንድ ጥንታዊ ዕቃ ሻጭ ለአንድ ቤት አስጌጭ ሸጧታል፤ ቤት አስጌጩ በአውሮፕላን ላሊበላ መልሶ ያመጣት ለሎጁ ነው። ከሱቁ እስከ ሎጁ በእግር ወጣን፤ ሀብታሙ ለማልቀስ የሚበቃ ጊዜ አላገኘም።

ማናጀሩ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ንጹሕ ልብስ የለበሰ ወጣት ነው። ትናንት ያነጋገርኩት ስለሆነ በፈገግታ ተቀበለኝ።

«ስለ ንግሥቲቱ አጣሩ?»

«አጣራሁ። ዛሬ ጠዋት ዐርፋለች።»

አልገባውም። ሀብታሙ ገባበት። «ወንድሜ፣ ይቺ ጨርቅ የአክስቴ ናት። አውርድልኝ።»

«አክስትህ ንግሥት ነበሩ?»

«ነጋዴ ነበረች።»

«እንግዲያው የሷ አይደለችም። ካርዱ ላይ ተጽፏል እኮ።»

«ካርዱ ላይ ያለውን የጻፍኩት እኔ ነኝ! ቻናሌ ላይ። ከዚያ ነው የተገለበጠው።»

ማናጀሩ ካርዱን አየ፤ ሀብታሙን አየ፤ እኔን አየ። «ይሄ የተመዘገበ ንብረት ነው። እንግዶች ፎቶ ይነሡበታል። እኔ በራሴ ሥልጣን አላወርድም።»

«ሬሳ እየጠበቀ ነው» አልኩት።

«ይገባኛል፤ የሎጁን ባለቤት ልጠይቅ።» ስልኩን አወጣ። እኛም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። አንዲት ሴት አነሣች፤ የሰከነ የትልቅ ሰው ድምፅ ነው። ማናጀሩ ነገሩን በአጭሩ አስረዳ፦ አንድ ልጅ መጥቷል፣ መጎናጸፊያውን ይፈልጋል፣ አሁኑኑ ነው የሚለው።

ከዚያ ሴትዮዋ ጠየቀች።

«ለማን ነው?»

ሀብታሙ ስልኩን አፍጥጦ አየው። አንድ እጁ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ አነሣው። ሲጠየቅ የኖረውን ያውቀዋል፤ ሲመለስም ሰምቷል፤ ራሱ ግን ለማንም መልሶ አያውቅም።

«ለማን ነው የፈለገው? ልጁ እዚያ አለ?» አለች ስልኩ ውስጥ ያለችው።

«አለሁ» አለ ሀብታሙ። «ለአክስቴ ነው። ያሳደገችኝ ናት። ለራሷ ያስቀመጠችው መገነዣ ነበር። እኔ ነኝ የሸጥኩት።»

«እሷ ሳታውቅ?»

«ሳታውቅ።»

«አውርድና ስጠው» አለች ለማናጀሩ። ማናጀሩ ወንበር ላይ ሲወጣ ደግሞ «ፎቶዋን ግን ድረ ገጹ ላይ ተዋት» ብላ ዘጋች።

እትዬ ማንጠግቦሽ በዘጠኝ ሰዓት፣ እናታቸው በፈተሉት ክር ተጠቅልለው፣ በወለተ ሐናነታቸው ተፈትተው ተቀበሩ። ቀብሩ ላይ አንድ የከተማው ሹም ንግግር አደረገ፤ ሟቿን «የዘመናዊ ንግድ ፈር ቀዳጅ» አላቸው። ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ባለ ጃኬቱ ሰው ንግግሩን በስልኩ ቀረጸ። ሀብታሙ አፈሩ ገብቶ እስኪያልቅ ከጉድጓዱ አፋፍ አልተንቀሳቀሰም፤ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ብዙ ጊዜ ጮኸ፤ አላነሣውም።

ከከተማው ከመውጣቴ በፊት ለዘገባዬ ሲባል ሎጁን ዳግም አየሁ። ካርዱ አሁንም ግድግዳው ላይ ነው፤ «የንግሥት ወለተ ሐና መጎናጸፊያ» ይላል። ከላዩ ሁለት ምስማር ብቻ አለ። እንግዶች ሲጠይቁ ማናጀሩ «ለጥገና ሄዳለች» ይላቸዋል።

ቻናሉንም ከፈትኩት። «ለማን ነው የሚል የለም» የሚለው መስመር ከላይ ጠፍቷል። ሌላ የተለወጠ ነገር የለም። የጁስ መፍጫው ተሽጧል።